ወደ አገር ቤት ገንዘብ ስትልኩ፦ በየትኛው መንገድ ብዙ ብር ይደርሳል?

«ያለ ምንም ክፍያ ይላኩ!» የሚለው ማስታወቂያ ለማናችንም አዲስ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ሱቅ መስኮት ላይ ተለጥፏል፤ ዱባይ ዴራ ገንዘብ መለወጫ በር ላይ ተሰቅሏል፤ ስልካችንን ስንከፍትም ይመጣል። ግን ገንዘብ የሚያስተላልፍ ድርጅት በነፃ አይሠራም። ክፍያ ካልጠየቀ ከምንዛሪው ላይ ያነሳል። አገር ቤት ያለው ባንክ ዶላሩን በ150 ብር እየገዛ፣ ድርጅቱ ለእናንተ በ145 ያስብላችኋል። መሃል ላይ የቀሩት አምስት ብሮች ደረሰኙ ላይ የትም አይታዩም።

ስለዚህ አማራጮቹን የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ከእኔ ኪስ ይህን ያህል ሲወጣ እናቴ እጅ ስንት ብር ይገባል? «ክፍያው ትንሽ ነው» ወይም «ተመኑ ጥሩ ነው» የሚባለው ለየብቻው ሲሆን ምንም አይነግረንም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። 145፣ 149፣ 150 እያልኩ የምጠራቸው ዋጋዎች ለስሌት እንዲመቹ የወሰድኳቸው ናቸው። እናንተ የዕለቱን ተመን እያያችሁ በቦታቸው ተኩ።

ሰሌዳው ላይ የቱን እንይ?

ባንኮች በየቀኑ የሚያወጡት ሰሌዳ ላይ መግዣ እና መሸጫ የሚል አለ። እኛ ዶላር ስንልክ ባንኩ ገዢ ነው። የሚመለከተን መግዣው ነው ማለት ነው። መሸጫውን አይቶ «ሸወዱኝ» ብሎ የሚናደድ ሰው ብዙ ነው። ከዚያ ደግሞ መግዣው ራሱ ለሁለት ይከፈላል፦ በእጅ ለሚመጣ ጥሬ ዶላር እና በሒሳብ ለሚገባ ገንዘብ። ለሐዋላ የሚታየው ሁለተኛው ነው።

ድሮ ባንክ ማወዳደር ብዙም ትርጉም አልነበረውም። ብሔራዊ ባንክ ተመኑን ይቆጣጠረው ስለነበር በባንኮች መካከል ያለው ልዩነት ሳንቲም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መግዣ ከ74 ብር በላይ ሆነ። በሳምንታት ውስጥ 100 ተሻገረ፤ የፈረንጆቹ 2024 ሳያልቅ ደግሞ 120ን አለፈ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ዋጋ ያወጣል። በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ሁለት ባንኮች የተለያየ ዋጋ ሊሰጡ ይችላሉ። ስለዚህ ቤተሰብ የሚቀበልበት ባንክ ዛሬ እንደ ድሮው «ለቤት የሚቀርበው» ተብሎ ብቻ አይመረጥም። በበዓል ሰሞን፣ በተለይ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና እና ለፋሲካ፣ በሐዋላ ለሚቀበል ሰው ተጨማሪ ብር ወይም ሽልማት የሚሰጡ ባንኮችም አሉ። ጭማሪው በስንት ብር እንደሚሰላ ጠይቁ። የዕጣ ኩፖን ከሆነ ግን ከስሌቱ አውጡት።

«ነፃ» እና «ክፍያ ያለው»

ሁለት አገልግሎቶች አሉ እንበል። አንደኛው ክፍያ የለውም፤ ዶላሩን በ145 ያስባል። ሁለተኛው 5 ዶላር ያስከፍላል፤ ዶላሩን በ149 ያስባል። ከኪሳችሁ የሚወጣው በጠቅላላ 300 ዶላር ነው።

በነፃው 300 በ145 ሲባዛ 43,500 ብር ይደርሳል። ክፍያ ባለው 5 ዶላሩ ተቀንሶ 295 በ149 ይባዛል፤ 43,955 ብር። «ነፃ» የተባለው በ455 ብር ተበለጠ።

አሁን መጠኑን ወደ 50 ዶላር አውርዱት። በነፃው 7,250 ብር ይደርሳል። በሌላው 45 በ149፣ 6,705 ብር ብቻ። እዚህ ላይ ነፃው በ545 ብር ይበልጣል። በዚህ ምሳሌ ሚዛኑ የሚገለበጠው 186 ዶላር አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ለምትልኩ ክፍያው ይጎዳችኋል፤ ከዚያ በላይ ለምትልኩ ተመኑ ይጎዳችኋል። «የትኛው አፕ ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ ሁሉም ሰው የተለያየ መልስ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ሁሉም የሚያወራው ስለ ለመደው መጠን ነው።

ክፍያው ቋሚ ሲሆን ደጋግሞ መላክም ያስከፍላል። በወር አራቴ 100፣ 100 ዶላር ብትልኩ በዚያው ክፍያ ባለው መንገድ 56,620 ብር ይደርሳል። አንዴ 400 ብትልኩ 58,855። ልዩነቱ 2,235 ብር ነው። የአንድ ቤት የሽንኩርትና የዘይት ወጪ የሚሸፍን ብር ነው። ቤተሰቡ ገንዘቡን ለወር አብቃቅቶ መያዝ ከቻለ አንዴ መላክ ይሻላል። ካልቻለ ደግሞ፣ ያንንም እናንተ ታውቃላችሁ።

የተቆረጠባችሁን በመቶኛ ማየት ከፈለጋችሁ ቀላል ነው። 300 ዶላር በባንኩ መግዣ በ150 ሲባዛ 45,000 ብር ነው። እጅ የገባው 43,500 ከሆነ 1,500 ብር ቀርቷል፤ ከመቶ 3.3 ማለት ነው። የዓለም ባንክ በሚያወጣው ንጽጽር መሠረት 200 ዶላር ወደ ሌላ አገር ለመላክ በዓለም በአማካይ ከ6 በመቶ በላይ ያስወጣል፤ በዚህ ውስጥ ክፍያውም የምንዛሪ ልዩነቱም ተቆጥሯል። የተባበሩት መንግሥታት ግብ ይህን በ2030 እ.ኤ.አ. ከ3 በመቶ በታች ማውረድ ነው። እኔ 3 በመቶን እንደ መስመር እይዘዋለሁ። ከዚያ በላይ የሚቆርጥብኝን ትቼ ሌላ እፈልጋለሁ።

አፕ፣ ሱቅ፣ ባንክ

አፕ ለወርሃዊ ድጎማ አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፋል። ትልቁ ጥቅሙ ከመላካችሁ በፊት የሚደርሰውን ብር ቁርጥ አድርጎ ማሳየቱ ነው። ላክ የሚለውን ስትጫኑ ተመኑ ይቆለፋል፤ ብሩ በማግሥቱ ቢቀየር እናንተን አይመለከትም። ሁለት አፕ ከፍታችሁ፣ ሁለቱም ላይ 300 ጽፋችሁ፣ ታች የሚመጣውን የብር መጠን ማየት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ግን ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው ለአዲስ ደንበኛ የሚሰጠው ዋጋ ነው። በ155 ተቀብሎ ያስተናገዳችሁ አፕ በሁለተኛው ጊዜ 146 ሊላችሁ ይችላል። ስለዚህ በየወሩ አዲስ አወዳድሩ፤ የለመድነውን አፕ ማመን ውድ ነው። ሁለተኛው ፍጥነት ነው። ሬሚትሊን የመሳሰሉት በደቂቃ የሚደርስ እና ቀናት የሚወስድ አማራጭ አላቸው፤ ለሚዘገየው የተሻለ ዋጋ ይሰጣሉ። አስቸኳይ ካልሆነ ያንን ምረጡ። ሦስተኛው፣ በክሬዲት ካርድ አትክፈሉ። ብዙ የካርድ ባንኮች እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ቆጥረው ከዕለቱ ጀምሮ ወለድና ተጨማሪ ክፍያ ይጭኑበታል። ከባንክ ሒሳብ ወይም ከዴቢት ካርድ ይሁን።

ሱቅ ሄዶ ጥሬ ገንዘብ መስጠት፣ በዌስተርን ዩኒየን ይሁን በመኒግራም ወይም በሌላ፣ ባንክ ሒሳብ ለሌለው ሰው ጥሩ መንገድ ነው። አሜሪካ ላላችሁ ግን አዲስ ነገር አለ። ከጥር 1 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በባንክ ቼክ ተከፍሎ ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ 1 በመቶ ግብር ይታሰባል። ከአሜሪካ ባንክ ሒሳብ ወይም አሜሪካ ውስጥ ከተሰጠ ካርድ ላይ ከተከፈለ ግብሩ የለም። ሱቅ መሄድ የለመዱ እናቶችና አባቶች አሉን፤ ተመኑ አንድ ቢሆን እንኳ በ300 ዶላር ላይ 3 ዶላር ያጣሉ። ልጆቻቸው አፑን አንዴ ቢያስተካክሉላቸው ይገላገላሉ።

እዚያው አሜሪካ ሕጉ የሚሰጣችሁ መብትም አለ። የሚያስተላልፈው ድርጅት ተመኑን፣ ክፍያውን እና የሚደርሰውን መጠን ከመክፈላችሁ በፊት ማሳየት አለበት። ከከፈላችሁ በኋላም ገንዘቡ ካልተወሰደ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሰርዛችሁ ሙሉውን ማስመለስ ትችላላችሁ። ሌላ ቦታ የተሻለ ተመን ካያችሁ ጊዜው አላለፈም።

ከባንክ ወደ ባንክ በስዊፍት (ባንኮች በዓለም ዙሪያ የክፍያ መልእክት የሚለዋወጡበት መረብ) መላክ ለትንሽ ገንዘብ አይሆንም። የላኪው ባንክ 45 ዶላር ቢወስድ፣ መሃል ላይ ያለው ባንክ ደግሞ 20 ቢቆርጥ፣ ከ300 ዶላር 235 ይቀራል። በ150 ሲመነዘር 35,250 ብር። ከላይ 5 ዶላር አስከፍሎ በ149 ከሚያስበው አገልግሎት (አፑ እንበለው) ጋር ያለው ልዩነት ከ8,700 ብር በላይ ነው። መጠኑ 10,000 ዶላር ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። በባንክ 1,490,250 ብር፣ በአፑ 1,489,255፣ «ነፃ» በተባለው 1,450,000 ብር ይደርሳል። አርባ ሺህ ብር «ነፃ» በሚል ቃል ሲሄድ አስቡት። በባንክ ሲላክ ተመኑ አይቆለፍም፤ የሚመነዘረው አገር ቤት ያለው ባንክ ገንዘቡን ባስገባበት ቀን ዋጋ ነው። በሌላ በኩል ዶላሩን ሳይመነዘር ማስቀመጥ የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ደመወዛችሁ በምን ገንዘብ ነው?

ገልፍ ያላችሁ አንድ የሚጠቅም ነገር አለላችሁ። የሳዑዲ ሪያል ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 3.75 በአንድ ዶላር ነው። የኤምሬትስ ድርሃም 3.6725፣ የኳታር ሪያል 3.64። ከዶላር ጋር የታሰሩ ስለሆኑ ከፍ ዝቅ አይሉም። ስለዚህ የመለወጫ ቤቱን ዋጋ በስልካችሁ ካልኩሌተር መመርመር ትችላላችሁ። የዶላሩን የባንክ መግዣ ለ3.75 አካፍሉት። 150 ለ3.75 ሲካፈል 40 ብር ነው። መስኮቱ ላይ 38 ብር ከ50 ከተጻፈ፣ ከእያንዳንዱ ሪያል ላይ 1 ብር ከ50 ተነስቷል። ሪያድ ያለች አንዲት እህት 1,500 ሪያል ብትልክ በ40 ሒሳብ 60,000 ብር ነበር፤ የሚደርሰው 57,750 ነው። 2,250 ብር ቀረ። በላዩ ላይ የመላኪያ ክፍያ አለ።

ይህን ስሌት በተለይ ሰው ቤት ለሚሠሩ እህቶቻችን ንገሯቸው። ብዙዎቹ በፈለጉት ሰዓት ወጥተው ማወዳደር አይችሉም። አሠሪዋ ወይም ሹፌሩ ነው የሚልክላቸው። ወጥተው ባያወዳድሩም ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ እንዲሰጣቸው ሊጠይቁ፣ ተመኑንም ከባንክ መግዣው ጋር አስተያይተው በሚቀጥለው ወር «ከዚያኛው ቤት ላክልኝ» ሊሉ ይችላሉ።

እስራኤል እና አውሮፓ ላሉት ታሪኩ ሌላ ነው። ሸቀሉም ዩሮውም በራሱ ይወጣል፣ ይወርዳል። በ2021 መጨረሻ 1,000 ሸቀል ከ320 ዶላር በላይ ነበር። በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ያው 1,000 ሸቀል ከ250 ዶላር በታች ወረደ። ብሩ ምንም ባይለወጥ እንኳ የሚደርሰው ገንዘብ አነሰ ማለት ነው። እዚህ ላይ የተደበቀ ኪሳራ ሊኖር ይችላል፦ ሸቀሉ መጀመሪያ ወደ ዶላር፣ ከዚያ ወደ ብር ሲመነዘር ሁለቴ ይቆረጣል። በስዊድን ክሮነር ወይም በእንግሊዝ ፓውንድ የምትከፈሉም ይህን አስተውሉ። በቀጥታ ወደ ብር የሚመነዝር አገልግሎት ከሁለት ደረጃው ጋር አወዳድሩ፤ መመዘኛው አሁንም መጨረሻ ላይ የሚገባው ብር ነው።

ከሁሉ የከፋው የሊባኖስ ነው። የሊባኖስ ሊራ ከ20 ዓመት በላይ 1,507.5 በዶላር ሆኖ ቆየ። በ2019 እ.ኤ.አ. መውደቅ ጀመረ፤ ከ2023 ወዲህ 89,500 አካባቢ ነው። በድሮው 200 ዶላር ገደማ የነበረ 300,000 ሊራ ዛሬ 4 ዶላር አይሞላም። በ2020 ደመወዛቸውን ያጡ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ ሜዳ ላይ ተጥለው ነበር። ስለዚህ ለሥራ ወደ ውጭ የምትሄድ እህት ካለቻችሁ ከምንዛሪ ሁሉ የሚቀድመው ኮንትራቱ ላይ ደመወዙ በምን ገንዘብ እንደተጻፈ ማየት ነው። ከተቻለ በዶላር ይጻፍ፤ ሊራውም ለዓመታት ከዶላር ጋር ታስሮ ቆይቶ ነው የወደቀው።

በጥቁር ገበያ

ይህን ሳያነሱ ማወዳደር አይቻልም። አሠራሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እዚህ ለአንድ ሰው ዶላር ትሰጣላችሁ፤ አዲስ አበባ ያለው ሰውዬ ለቤተሰብ ብር ያስገባል። ዶላሩ ኢትዮጵያ አይደርስም።

ከሐምሌ 2016 በፊት የጎን ገበያው ዋጋ ከባንኩ እጥፍ ገደማ ደርሶ ነበር። ያኔ ሰው ለምን ወደዚያ እንደሄደ ለመረዳት አያስቸግርም። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ በጣም ጠበበ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሲሰፋም ሲጠብም ከርሟል። አሁንም ባንኩ 150 ሲል እዚያ 165 ቢባል በ300 ዶላር ላይ 49,500 ብር ይመጣል፤ ከአፑ በ5,545 ይበልጣል። ይህ ለአንድ ቤተሰብ ትንሽ ብር ነው ብዬ አልዋሽም።

እኔ ግን አልመክርም፤ ምክንያቴም ከስብከት የመጣ አይደለም። እናታችሁ ሒሳብ ውስጥ ብሩን የሚያስገባው የማታውቁት ሰው ነው። ያ ሰው ሲያዝ ገንዘቡ የሄደባቸው ሒሳቦች አብረው ሊታገዱ ይችላሉ፤ የምትጠየቀው ደግሞ እሷ ናት። ሰውየው ስልኩን ቢያጠፋ የምትከሱበት ወረቀት የላችሁም። ነገ ቤት ልግዛ፣ የዲያስፖራ የቤት ብድር ልውሰድ ስትሉ ባንኩ የሚጠይቃችሁ በሕጋዊ መንገድ የገባ የውጭ ምንዛሪ ማስረጃ ነው። ለዓመታት የላካችሁት ሁሉ እንዳልነበረ ይቆጠራል። አገሪቱ መድኃኒትና ነዳጅ የምትገዛበት ዶላርም እዚያው ውጭ ይቀራል፤ ይህም ያሳስበኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ብዙ ሰው የጥቁር ገበያውን ጥሩ ዋጋ የሚያወዳድረው ከመጥፎው ሕጋዊ ዋጋ ጋር ነው። «በአፕ 145 ነው፣ እዚያ 165» ይላል። ጥሩ የሚከፍለውን ባንክና የበዓል ጭማሪውን ፈልጎ ቢያወዳድር ልዩነቱ ከገመተው ያነሰ ሆኖ ያገኘዋል። ሱቅ ወይም አፕ ያለው ሁሉ ሕጋዊ ነው ብላችሁም አትደምድሙ። ብሔራዊ ባንክ ውጭ አገር ሆነው ያለ ፈቃዱ ወደ ኢትዮጵያ የሚልኩ ድርጅቶችን በስም እየጠቀሰ አስጠንቅቋል። የሚሰጧችሁ ዋጋ ከባንኮች ሁሉ በብዙ ከበለጠ ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚሄድ ጠይቁ።

ዛሬ ልላክ ወይስ ሲጨምር?

ለወር አስቤዛ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለመድኃኒት ከሆነ አትጠብቁ። ዶላሩ በወር ውስጥ ከ150 ወደ 152 ቢወጣ በ300 ዶላር የምታተርፉት 600 ብር ነው። ለዚያ ብላችሁ እናት ከጎረቤት መበደር የለባትም። ደግሞም ተመኑ ሲጨምር የገበያው ዋጋ አብሮ ይጨምራል፤ ከውጭ የሚመጣው ዘይት፣ የልብስ ሳሙናው፣ መድኃኒቱ ሁሉ። የሚደርሰው ብር በዛ ማለት የሚገዛው ነገር በዛ ማለት አይደለም። በ2016 ክረምት ብዙ ልጆች «አሁን በቂ ነው» ብለው የሚልኩትን ዶላር ቀነሱ። ከመቀነሳችሁ በፊት ቤት ደውላችሁ ጤፍ ስንት እንደገባ ጠይቁ።

ለቤት፣ ለመኪና፣ ለንግድ የሚጠራቀም ገንዘብ ግን ሌላ ነው። እሱን አስቀድሞ ወደ ብር ቀይሮ ማስቀመጥ አይመከርም። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ለዓመታት 7 በመቶ ላይ ቆይቷል። ዶላሩ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ57 ብር ተነስቶ ከእጥፍ በላይ ሲወጣ ያ ወለድ ምን ሊያካክስ ይችላል? ይህን ዓይነቱን ገንዘብ ወይ ባላችሁበት አገር በዶላር ያዙት፣ ወይም አገር ቤት ባንክ ውስጥ በስማችሁ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ክፈቱ። ትውልደ ኢትዮጵያውያንም፣ ውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም መክፈት ይችላሉ። ዶላሩ እንደ ዶላር ይቀመጣል፤ ግዢው ሲደርስ በዚያን ቀን ዋጋ የሚያስፈልገውን ያህል ትመነዝራላችሁ። ለቤት ብድር የሚጠየቀው ማስረጃም እዚያው አለ።

ሒሳቡን ከመክፈታችሁ በፊት ቅርንጫፉን በጽሑፍ የምትጠይቁት አራት ነገር አለ። በዶላር ለተቀመጠው ወለድ ይከፈላል ወይ፣ ስንት? በምመነዝርበት ቀን የሚታሰብልኝ የትኛው ተመን ነው፣ የጥሬው ወይስ የሐዋላው? ገንዘቤን መልሼ ወደ ውጭ ማውጣት ብፈልግ እስከ ስንት እና በምን ማስረጃ? ከሞትኩ ገንዘቡ ለማን ይተላለፋል፣ መምጣት ካልቻልኩስ በውክልና ማን ሊያንቀሳቅሰው ይችላል? ውክልናው በምትኖሩበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ መረጋገጥ አለበት፤ ጊዜ ይወስዳልና ቀደም ብላችሁ ጀምሩት።